ልጄ ማታ ማታ በረሃ ወርዶ እባብ ይፈልጋል

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምንኖረው እስራኤል፣ ቤር ሸቫ ከተማ ነው። የ17 ዓመት ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ማታ ማታ ነጌቭ በረሃ እየወረደ እባብ መፈለግ ጀምሯል። «ፎቶ ላነሳ ነው» ይለኛል። እኔ ጎንደር ገጠር ሳድግ እባብ ከታየ ዱላ ነበር የሚነሳው፤ እሱ ሲወጣ እንቅልፍ አይወስደኝም። ልከልክለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ግን አይከልክሉት። በዓይኑ ብቻ እንዲፈልግ፣ እጁን እንዳይሰድ ያስምሉት።

ከማታው ይልቅ ንጋት ላይ ቢወጣ ደስ ይለኛል፣ ነፋሱ የእባቡን ዱካ ሳያጠፋው። በምዕራብ ነጌቭ አሸዋ የምትኖረው እፉኝት እንደ ሌላው እባብ ቀጥ ብላ አትሳብም፣ በጎኗ እየተወረወረች ነው የምትሄደው። ስለዚህ ዱካዋ ጎን ለጎን የተደረደሩ ሰያፍ መስመሮች ነው፤ ገመድ ቆራርጦ አሸዋው ላይ ተጭኖ ያነሳ ሰው ያለ ይመስላል። ዱካው ድንገት ካለቀ እዚያው ይቁም! ተቀብራ፣ ዓይኗን ብቻ አውጥታ እንሽላሊት እየጠበቀች ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን አብረውት ይውጡና ያሳይዎት።

በበጋ እባቡ ከሙቀቱ የሚወጣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ስለሆነ ማታም መሄዱ አይቀርም። ሽፍን ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ የራስ ባትሪ፣ በቂ ውኃ ይያዝ። ብቻውን አይሂድ። የነጌቭ ሰፊ ክፍል የጦር መለማመጃ ስለሆነ ካርታ ሳያይ አይውጣ።

«አንገቱን ከያዝኩት ምንም አይለኝም» ካለዎት ግን አይስሙት። ሳራፍ ኤን ገዲ የሚባል ጥቁር፣ ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ እባብ አለ፤ አንገቱ ቢያዝም አፉን ሳይከፍት ጥርሱን በጎን አውጥቶ ይወጋል፣ መርዙም ልብ ድረስ ይደርሳል። ደግሞ እስራኤል ውስጥ የዱር እባብ ያለ ፈቃድ መያዝም መግደልም በሕግ የተከለከለ ነው።

ከተነደፈ ወዲያው ለአምቡላንስ 101 ይደወል። ቀለበትና ሰዓቱን ያውልቅ፣ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር አያንቀሳቅስ። እኛ አገር እንደለመድነው በገመድ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ መርዙን መምጠጥ የለም። እባቡን አሳድደው አይግደሉ፤ የሞተ እባብ እንኳ ሲነካ ሊነድፍ ይችላል።