ሰዓት መጠገን እንጀራ ይሆነኛል ወይ?

አንዲት ወጣት ጽፋ የላከችልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። በቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሮኒክስ ደረጃ 3 ትማራለች፤ ከሰዓት በኋላ ደሴ ፒያሳ አጎቷ ሰዓት በሚጠግኑበት የመስታወት ሳጥን አጠገብ ትቀመጣለች። አጎቷ "የባትሪ ሰዓት አይጠገንም፤ ማሽኑን አውጥቶ መቀየር ነው" ይሏታል። ታዲያ ሙያ የሌለበት ሥራ ላይ ጊዜዬን እያባከንኩ ነው? ወይስ ትምህርቱን ትቼ ሙሉ ቀን ልግባበት? ትላለች። የመጨረሻው መስመር ላይ ሹልክ ያደረገቻት አንዲት ነገር አለች፤ እመለስባታለሁ።

እህቴ፣ አጎትሽ ግማሹን እውነት ነግረውሻል። በየቀኑ እጅሽ የሚገቡት እንደ ሚዮታ 2035 (የጃፓን የባትሪ ሰዓት ማሽን ነው) ያሉ ማሽኖች ርካሽ ናቸው፤ እያንዳንዱን ጥርስ ፈትቶ ማጠብ የጊዜሽን ዋጋ አይመልስም። ግን "ማሽኑ ሞቷል" ከማለትሽ በፊት ያሉት አምስት ደቂቃዎች ሙያ ናቸው፤ ሌላው ቢዘለል እነሱ አይዘለሉም።

ሰዓቷ ቆማ መጣች እንበል። መጀመሪያ ሰዓት የሚስተካከልባት የጎን ቁልፏ ወደ ውጪ ተስባ እንደሆነ እዪ፤ ከተሳበች ሰዓቷ አትሄድም። ይህን ሳያዩ ባትሪ ቀይረው ያስከፈሉ አይቻለሁ። ቀጥሎ ሰከንድ ቆጣሪዋን በአጉሊ መነጽር ተመልከቺ። ሁለት ሁለት ወይም አራት አራት ሰከንድ እየዘለለች ከሆነ፣ ብዙ ማሽኖች ባትሪያቸው ሊያልቅ ሲል የሚናገሩት እንደዚያ ነው። ባለችበት ትር ትር እያለች የማትራመድ ከሆነ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምቱ እየደረሰ ነው፤ የጎደለው ጉልበት ነው፣ ወይም የያዛት ነገር አለ። ቁጥር 9 አካባቢ ከተያዘች ልብ በዪ፤ ከ6 ወደ 12 ስትወጣ ክብደቷ በጣም የሚጫናት እዚያ ላይ ነው። ባትሪው ደክሟል ወይ ጥርሶቹ መሃል ቆሻሻ ገብቷል። ሁልጊዜ ሌላ አንድ ቦታ ላይ የምትቆም ከሆነ ሰዓቷን ወደ ጎን አዘንብለሽ ቆጣሪዎቹ ይነካኩ እንደሆነ እዪ።

ባትሪውን በፕላስቲክ ወረንጦ አውጪና ለኪ። አዲስ ሲልቨር ኦክሳይድ የሚባለው የሰዓት ባትሪ 1.55 ቮልት ገደማ ያሳያል። ይህ ባትሪ ቮልቱን እስከ መጨረሻው ይዞ ቆይቶ በድንገት ስለሚወርድ፣ ጥሩ ቁጥር ማንበብሽ ብዙ ዕድሜ ቀርቶታል ማለት አይደለም። ኤስአር 626 (ሲልቨር ኦክሳይዱ) እና ኤልአር 626 የሚባሉት ባትሪዎች ቁመናቸው አንድ ነው፤ ኤልአሩ ግን አልካላይን ነው፣ ቮልቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ቶሎ የማፍሰስ ጠባይም አለው። የትኛውን እንዳስገባሽ ለደንበኛው ንገሪው።

ባትሪው ወጥቶ ሳለ የቴስተሩን ጫፎች ኮይሉ (የተጠቀለለው ቀጭን ሽቦ) ዳር ያሉት ሁለት ነጥቦች ላይ በቀስታ አስነኪ። አንድ ሁለት ኪሎ ኦም ገደማ ካነበበ ሽቦው አልተበጠሰም። ጭራሽ ካላነበበ አበቃ። ሽቦው ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ካቻቢቴ አንዴ ካዳለጠ በቂው ነው።

አሁን ክፍል የምትማሪውን አስቢ። ማሽኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ክሪስታል፣ ኳርትዙ፣ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ሰርኩዩቱ ይህን 15 ጊዜ በግማሽ በግማሽ ከፍሎ በሰከንድ አንድ ምት ያደርገዋል፤ ምቱ በኮይሉ አልፎ ትንሿን ማግኔት ግማሽ ዙር ያዞራታል። ከባትሪው እስከ ቆጣሪዋ መንገዱ የት ላይ እንደተቋረጠ ደረጃ በደረጃ መፈለግ የሆስፒታል መሣሪያ ጥገና ላይ የሚቀጠር ቴክኒሻንም የሚያደርገው ነው። ስለዚህ ትምህርቱን አትተዪ፤ ሳጥኑንም አትተዪ።

አንድ ደብተር ያዢ። ሰዓቷ ምን ሆና መጣች፣ ምን ለካሽ፣ ስንት አነበብሽ፣ ምን ቀየርሽ፣ ተመልሳ መጣች ወይ። ስም አያስፈልግም። ለሦስት ወር ከጻፍሽው ገቢው ከየት እንደሚመጣ ራስሽ ታይዋለሽ፤ ግምቴ ባትሪና ማሰሪያው ከማሽኑ ይበልጣል የሚል ነው። ያኔ ሙሉ ቀን ያዋጣል አያዋጣም ብለን በቁጥር እንነጋገራለን። ሥራ ስትጠየቂም "ያገኘሽውን ብልሽት ንገሪን" ሲሉሽ የምታወሪው አይጠፋሽም።

ደብተሩ ላይ የእኛ አገር ብልሽቶችም ይገቡልሻል። ቀን የሚያሳየውን ሰዓት በሀበሻ አቆጣጠር ስትሞዪው ቀኑ የሚገለበጠው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገጥሙ ነው፤ ስለዚህ ወይ ንጋት ላይ ወይ ምሽት ላይ ይቀየራል። ደንበኛው "ቀኑ ማታ ይቀየርብኛል" ብሎ ቢመለስ ማሽኑን አትክፈቺ፤ ቆጣሪዎቹን 12 ሰዓት ሙሉ ወደፊት አዙሪለትና ቀኑን መልሰሽ አስተካክዪ።

አሁን ወደዚያች መስመር። ቅዳሜ የሚወሰድ የደንበኛ ሰዓት ስትከፍቺ ኮይሉን በጥሰሽ ለአጎትሽ ሳትናገሪ ክዳኑን ገጥመሽ አስቀምጠሻል። ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ሊቆጡ ይችላሉ። ማሽኑን ከኪስሽ ግዢ፤ ስትገዢ የቆጣሪዎቹን ብዛትና የሚሰኩበትን ምሰሶ ቁመት ከአሮጌው ጋር አስተያዪ። የአዲሱ ማሽን የጎን ቁልፍ ዘንግ ረጅም ሆኖ ስለሚመጣ በትንሽ በትንሹ ቁረጪው፤ ካጠረ አይመለስም። ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይም ይህችኑ ሰዓት ጻፊ፦ ኮይል ተበጥሷል፣ የበጠስኩት እኔ።