እናትሽ የሚውጡት ክኒን የትኛው ነው?

እህቴ፣ «እናቴ ስኳር ተገኘባት፤ ጤና ጣቢያ ትከታተል ወይስ በቀጥታ ሆስፒታል ልውሰዳት? ዓቢይ ጾምም ደርሷል» ብለሻል። የአባቴም ነገር ቁርጥ እንዲህ ነበር። ስድስት ዓመት ያመላለስኳቸው እኔ ነኝ።

1ኛ፣ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። «እዚያ ምን አለ» የሚሉሽን አትስሚ። የስኳር ክኒኖቹ ሜትፎርሚኑም፣ ግሊቤንክላሚዱም፣ የስኳር መለኪያውም እዚያው አለ፤ ካላለቀ። የጤና መድን ካላችሁ ደግሞ ያለ ሪፈር ሆስፒታል መሄድ ከኪስ መክፈል ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አባባን ከአዘዞ በሌሊት አስነስቼ አንድ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። የካርድ ክፍሏ ልጅ ቀና ብላም አላየችን። «ሪፈር!» አለች፣ በቃ። ለሽማግሌ «ቁጭ ይበሉ» እንኳ አይባልም?

2ኛ፣ ጾሙን ለሐኪሙ ንገሪ። እኔን ያቃጠለኝ ይኼ ነው። አባባ ግሊቤንክላሚዱን በጠዋት ይውጣሉ፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ክኒኑ ግን እህል ቀመሱ አልቀመሱ ስኳሩን ማውረዱን አይተውም። ማንም አልጠየቀንም፣ እኛም አልተናገርን። አንድ ቀን ቅዳሴ ሳይወጣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። እኔን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ሰዉ መንፈስ ነው ብሎ ጠበል ይረጫል። እኔም አብሬ አማትባለሁ! ደግነቱ አንዲት ነርስ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ «ስኳር ወርዶባቸው ነው፤ ሱቅ ሩጪ» አለችኝ። መዋጥ መቻላቸውን አይታ ሦስት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በስሜ ጠሩኝ። ከዚያ በኋላ እንኳ ሲለካ 62 ነበር፤ ከ70 በታች ወርዷል ማለት ነው። የዚህ ክኒን ክፋቱ ተመልሶ ያወርዳል፤ ምግብ ማስከተል የግድ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲሆን ግን እንዲህ እምብዛም አይጥልም። ለዚህ ነው የእናትሽን ክኒን ስም የጠየቅኩሽ።

3ኛ... ሦስተኛው ያው ሁለተኛው ነው። ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር (እግዜር ይስጣት) ከጤና መኮንኑ ጋር ተነጋግራ መድኃኒቱን አስቀየረችልን። ቁርስ ይብሉ ስንላቸው ግን እምቢ አሉ። የንስሐ አባታቸውን ቤት ድረስ አምጥቼ አስመከርኳቸው። አሁን በጠዋቱ ሽሮ በእንጀራ ይበላሉ፣ ሥጋና ወተቱን ይጾማሉ። የባዶ ሆድ ስኳራቸው ከ130 አልፎ አያውቅም ብል ጉራ አይደለም፤ ደብተሩን የምሞላው እኔ ነኝ።

ከረሜላ ግን ከጋቢያቸው ጫፍ ሳይቋጥሩ ቅዳሴ አይሄዱም። የሰፈሩ ሕፃናት ነቅተውባቸው ገና ከበር ሲወጡ ይከቧቸዋል።