ላዩ የመረረ፣ ውስጡ የጠነከረ ጎድን

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጓሮዬ ባለው ባለ ክዳን የከሰል መጥበሻ የበሬ ጎድን በጭስ ላበስል ሞክሬ ነበር። ከሰሉን ወለሉ ላይ ሙሉ አንጥፌ፣ ውኃ ውስጥ ያደረ የኦክ እንጨት ጨምሬበት፣ ጭሱ እንዳያመልጥ የክዳኑን ቀዳዳ ዘጋሁ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ሳወጣው ላዩ ጠቁሮ ይመራል፣ ውስጡ እንደ ጠፍር ነው። እንግዶቼ በይሉኝታ ጎረሱልኝ። ስህተቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ምሬቱን ያመጣው በአብዛኛው የዘጉት ቀዳዳ ነው። ጋን በወይራ ስናጥን ጭሱ ታፍኖ እንዲቀር እንፈልጋለን፤ ጎድን ላይ ግን የሚፈለገው ሥጋውን ዳስሶ የሚወጣ ጭስ ነው። አየር ያጠረው እሳት በቅጡ ስለማይነድ ወፍራም ነጭ ጭስ ይተፋል፤ የተዘፈዘፈ እንጨትም ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ በእንፋሎት ብቻ ያታልላል። ጡጫ የሚያክሉ ሁለት ሦስት ደረቅ ቁራጮች ይበቃሉ፤ ሥጋውንም ጭሱ ሳስቶ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ያስገቡ።

ፍሙን አመድ ከለበሰ በኋላ ወደ አንድ ወገን ሰብስበው፣ ጎድኑን በሌላው ወገን አጥንቱን ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡ፤ ሥሩ ውኃ የያዘ ትሪ ቢኖር የሚንጠባጠበውን ስብ ይቀበላል፣ ሙቀቱንም ያረጋጋል። የክዳኑ ቀዳዳ ከሥጋው በላይ ሆኖ ክፍት ይሁን፤ ሙቀቱን በታችኛው ቀዳዳ እየመጠኑ ከ250 እስከ 275 ዲግሪ ፋራናይት ላይ ያቆዩት።

ጥንካሬው የጊዜ ጉዳይ ነው። የጎድን ጅማት ቀልጦ ሥጋውን የሚያለሰልሰው ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ ወፍራም የበሬ ጎድን ከ5 እስከ 7 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የሥጋው ውስጣዊ ሙቀት 160 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ከላዩ የሚተነው እርጥበት እያቀዘቀዘው፣ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ የማይልበት ጊዜ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ከሰል የሚከምረው ያኔ ነው። ይታገሡ፤ ወይም በፎይል ጠቅልለው ይመልሱት። 200 ዲግሪ ሲያልፍ በአጥንቶቹ መካከል ቀጭን ሹል ብረት ይስኩበት፤ ያለ ትግል ከገባ በስሏል።

ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይበቃዋል፤ አዋዜውን ለገበታ ቢያቆዩት እመርጣለሁ። ከወጣ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይቆረጥ ይረፍ፤ ስለዚህ እንግዶችዎ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት የሚመጡ ከሆነ ከሰሉ ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት መቀጣጠል አለበት።