መብራት ከጠፋ በኋላ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ የምኖር ነጋዴ ነኝ። ኮምፒውተሬ አፕዴት እያደረገ ሳለ መብራት ጠፋ፤ አሁን የዊንዶውስ አርማ ይታይና ነጥቦቹ እየተሽከረከሩ ይቀራል። የሱቁ ሒሳብ ሁሉ ያለው በእሱ ላይ ስለሆነ ፎርማት ማስደረግ ፈራሁ።

መልስ፦ መፍራትዎ ተገቢ ነው፤ ፎርማት የመጨረሻው አማራጭ ነው። አርማው መታየቱ ማሽኑ ጨርሶ እንዳልሞተ ስለሚያመለክት፣ ይበልጥ የሚያጠራጥረው በመሐል የተቋረጠው አፕዴት ነው። ፍላሽና ውጫዊ ዲስክ ካለ ይንቀሉ። አርማው ሲመጣ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ያጥፉ፤ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደግሙት ዊንዶውስ 10 እና 11 የጥገና ገጹን ራሳቸው ይከፍታሉ። በዚያ «ስታርትአፕ ሪፔር» (Startup Repair፣ የአነሳስ ችግርን የሚጠግን) የሚለውን ይሞክሩ፤ ካልተሳካ ከዚያው ገጽ የመጨረሻውን አፕዴት ያስወግዱ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያውኑ አጥፍተው፣ ከማንኛውም ጥገና በፊት ሒሳቡን በባለሙያ ያስገልብጡ።