ጅምር ቤት፣ ጅምር ሐዲድ፣ ያልተቋጨ ጋቢ

ባለፈው ጽሑፌ «ጅምር» የምትለዋን ቃል በጨረፍታ አንስቼ ነበር። ከደሴም ከኮምቦልቻም ጥያቄ መጣልኝ። ዛሬ ጥቂቶቹን ልመልስ።

ጥያቄ (መምህርት፣ ከደሴ)፦ ተማሪዎቼ «ጅምር ማለት ያላለቀ ነው» አሉ። እኔ ደግሞ «መነሻ ማለትም ይሆናል» ብዬ ተከራከርኩ። ማናችን ነን ልክ?

ሁላችሁም ልክ ናችሁ። «ገና ከጅምሩ» ስንል መነሻውን ነው። «ጅምር ሥራ» ስንል ግን ተጀምሮ ያላለቀውን ነው። እኔ የምወደው የቃሉን አሠራር ነው። ከደመረ ድምር፣ ከከመረ ክምር ይወጣል፤ ከጀመረም ጅምር። ድምር የተደመረ ነው፣ ክምር የተከመረ ነው፣ ጅምርም የተጀመረ ነው። ቃሉ ራሱ «አላለቀም» አይልም። የሰው እጅ እንዳረፈበት ብቻ ነው የሚናገረው። አለማለቁን የምንጨምርበት እኛ ነን፤ ያለቀውንማ ቤት፣ መንገድ፣ መጽሐፍ ብለን በስሙ እንጠራዋለን። ልጆቹ ከ«ከሸፈ» ጋር እንዳያምታቱት አደራ። ጅምር ገና ተስፋ አለው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ደላላው «ጅምር ቤት አለኝ» ብሎኛል። እስከ ምን ድረስ የተሠራ ማለት ነው?

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ቃሉ በጣም ሰፊ ነው። መሠረቱ ብቻ የወጣው ጅምር ይባላል። ግድግዳው ቆሞ፣ ቆርቆሮ ለብሶ፣ ልስንና ፊኒሺንግ የቀረውም ጅምር ይባላል። የዋጋቸው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው። ስለዚህ ሄደህ በዓይንህ እይ። ውሉ ላይም «ጅምር ቤት» ተብሎ ብቻ አይታለፍ፤ መሠረት፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ በርና መስኮት እየተባለ የተሠራውም የቀረውም ይዘርዘር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። በደላላ ቃል ብቻ ገንዘብ አትቁጠር።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ቡና ላይ ተጨቃጨቅን። የባቡሩ ሐዲድ ከተነጠፈ ቆይቷል። ታዲያ ለምን ጅምር ይባላል?

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ መስመር ግንባታ የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሐዲዱ ኮምቦልቻ ከደረሰ በኋላም ባቡር ሳይመላለስበት ዓመታት አለፉ። መስመሩ ለኤሌክትሪክ ባቡር የተሠራ ነው፤ ኃይል ካላገኘ ደግሞ ባቡሩ አይነቃነቅም። ሐዲድ ያነጠፈው ሠራተኛ «የኔ ሥራ አልቋል» ቢል እውነቱን ነው። ለተሳፋሪው ግን ጅምር ነው። ቤት ሰው እስኪገባበት፣ ሐዲድም ባቡር እስኪሄድበት ጅምር ነው። በዚህ ክርክር እኔ ከተሳፋሪው ጎን ነኝ። አንድ አዛውንት «ሳልሞት እሳፈርበት ይሆን?» ሲሉ ስሰማ አንጀቴን ይበላኛል።

ጥያቄ፦ «ጅማሮ» ትክክል ነው?

ትክክል ነው። መጀመርን፣ አነሳስን ይናገራል። «ጅማሮ ቤት» ግን አይባልም።

ጥያቄ (እናት፣ ከደሴ)፦ ልጄ «ጉዳዩ አልተቋጨም» ይላል። እኛ የምንቋጨው ነጠላና ጋቢ ነው። ከዚያ የመጣ ነው?

አዎ እናቴ፣ ከእርስዎ እጅ የወጣ ቃል ነው። ሸማኔው ጋቢውን ሠርቶ ሲያወርደው ጫፉ ላይ ክሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያንን ክር ከፋፍሎ ማክረር፣ ሁለቱን አንድ ላይ መግመድ፣ ያ ነው መቋጨት። ካልተቋጨ ዳሩ ይተረተራል። ልጅዎ «አልተቋጨም» ሲል እንግዲህ ዋናው ሸማ ተሠርቷል፣ የቀረው ጫፉ ነው ማለቱ ነው። ገና ምኑም ላልተያዘ ጉዳይ ቃሉ አይመጥንም። «ቁጭት» ግን ዘመዱ አይደለም፤ እሱ ከቆጨ የመጣ ነው።

ጥያቄ (ወጣት፣ ከደሴ)፦ ሱቅ ልከፍት ስል አያቴ «ጅምርህን ከዳር ያድርስልህ» አሉኝ። የምን ዳር ነው? የጋቢ?

ለእኔ የወንዝ ዳር ይመስለኛል። ክረምት ላይ ቦርከና ሞልቶ አይተህ ታውቃለህ። መሀል የገባ ሰው ከወዲያኛው ዳር ካልደረሰ መግባቱ ብቻ ምን ያደርግለታል? አያትህ ያንን ነው የለመኑልህ። አሁኑኑ ሄደህ አሜን በላቸው።