ሌላ ሰው በስማችሁ የገባው ቃል

ውድ ልጆቼ፣

ስለ ታማኝነት ስናወራ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነው፦ «ቤተሰቤም አለቃዬም ወገኔም ታማኝ ሁን ይሉኛል፤ የማንን ልስማ?» ዕድሜዬን የጨረስኩት በሒሳብ ምርመራ ሥራ ነውና ሰው ሲታመንም ሲከዳም በሰነድ ላይ ሳነብ ኖሬአለሁ። መልሴን ግን ከልብ ወለድ ልጀምረው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ፍቅር ያለቅሳል። እኔን የሚያስለቅሰኝ ከፍቅሩ በፊት ያለው ስለት ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ እንዲያድግላቸው ብለው፣ ሚስት ሳያገባ እንዲያገለግለው ለእግዚአብሔር ተሳሉት። በዚያ ቃል ውስጥ ልጁ የለበትም፤ ማንም አልጠየቀውም። ሲያድግ ግን ዕዳው የእሱ ሆነ። ሰብለን ቢወድ የወላጆቹን ስለት ማፍረስ ነው፤ ቢሸሻት ደግሞ የገዛ ልቡን መክዳት። ወላጆቹ ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በቀለለለት። እነሱ የተሳሉት እንዳይሞትባቸው ሳስተው ነው፤ ሸክሙ ከጫንቃው አልወርድ ያለውም ለዚህ ይመስለኛል።

እናንተም ሌላ ሰው የተሳለባችሁን ተሸክማችኋል። የአባታችሁን ቂም፣ የዘር ሐረጋችሁን ቅያሜ፣ የአለቃችሁን ሽኩቻ «አንተ እኮ የኛ ልጅ ነህ» እየተባላችሁ ተረክባችኋል። ወላጆቻችሁን አትስሙ ማለቴ አይደለም፤ እኔም አባት ነኝ። እናት አባትን መጦር፣ ታናናሾችን ማስተማር፣ የሞተ ዘመድን አደራ መጠበቅ በደስታ የምትቀበሉት ነው። እነሱ የተጣሉትን ሰው መጥላት ግን ከዚህ ጋር አይደመርም። «ይህን ቃል የገባሁት እኔ ነኝ ወይ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትቀበሉት።

ከበዛብህ አጠገብ ሩትን አስቀምጧት። ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ልጆቿን በሞዓብ ምድር ቀብራ ወደ አገሯ ስትመለስ ምራቶቿን ወደ እናቶቻችሁ ቤት ሂዱ ብላ አሰናበተቻቸው። ዖርፋ አማቷን ስማ ተመለሰች። መጽሐፉ አንዲት የወቀሳ ቃል አልጻፈባትም፤ ሰባኪዎቻችን ለምን እንደሚጨክኑባት አይገባኝም። ሩት ግን «ሕዝብሽ ሕዝቤ፣ አምላክሽም አምላኬ ይሆናል» አለች። ይህን ያለችው ተሰናብታ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶላት ነው። ማንም አላስገደዳትም፣ ማንም አልተሳለባትም።

ከታሪካችን ደግሞ ራስ አሉላ አሉ። የገበሬ ልጅ ነበሩ፤ ለማዕረግ ያበቋቸው አፄ ዮሐንስ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1881 መተማ ላይ ሲወድቁ አሉላ ከልጃቸው ከራስ መንገሻ ጎን ቆሙ፤ ለምኒልክ ለማደር ዓመታት ፈጀባቸው። ጣልያን ሲመጣ ግን በ1888 ዓድዋ ላይ ከምኒልክ ሠራዊት ጋር ተሰለፉ። ለሟች ጌታቸው የነበራቸው ፍቅር አገርን ለጠላት አሳልፎ የሚያሰጥ ቂም አልሆነባቸውም።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤት ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የምትፈተኑት እዚያ ነው። አለቃ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ሲል ደስ ይላል። ይህንኑ ቃል ደረሰኝ ያልተያያዘበት ወጪ ይዞ ሲመጣ የሚደግመው ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ገንዘብ ጎድሎባቸው ካገኘኋቸው ሰዎች አንዳንዶቹ አንድ ሳንቲም ያልነኩ፣ ለውለታ ብለው የፈረሙ ወጣቶች ነበሩ። ምርመራው ሲጀመር ያስፈረማቸው ሰው «እኔ አላየሁትም፣ የፈረመው እሱ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለአለቃችሁ መታመን ከፈለጋችሁ የጎደለውን ለብቻው፣ በአክብሮት ንገሩት። ካልሰማችሁ በደብዳቤ አድርጉት፤ ቅጂውንም አስቀሩ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በእኔ ትውልድ ስንቱን ቤት አፍርሷል። ለልጆቻችሁ አታውርሱት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው በሥልጣን ላይ ሳለ ደጁን የሚያጨናንቀው ሁሉ ሲሻር መንገድ ይቀይራል። እናንተ እንዲህ አትሁኑ። ያጠፋ ሰው ቢሆን እንኳ ጥፋቱን ሳታስተባብሉለት ልትጠይቁት ትችላላችሁ። እኔ ራሴ በምርመራ ጉድለት ያገኘሁባቸውን አንድ ኃላፊ ታስረው ሳሉ ስንቅ ይዤ ጠይቄአቸዋለሁ፤ ወጣት ሆኜ ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ነበሩ። ባልደረቦቼ ሪፖርቱን ላለሰልስላቸው መስሏቸው አኮረፉኝ። ከሪፖርቱ ላይ አንዲት ቁጥር አልቀየርኩም፤ እሳቸውም ቀይርልኝ አላሉኝም።