ከወደቅሁ በኋላ መሪው ጠመመ፣ እጄም ደረቀ

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 ሞተር ሳይክል አለኝ። የዛሬ ሰባት ወር ከጨንጫ ወደ አርባ ምንጭ ስወርድ ኩርባ ላይ ጠጠር አንሸራቶኝ በግራ ጎኔ ወደቅሁ። የትከሻዬ አጥንት ተሰበረ። ሞተሩን ጋራዥ አሠራሁት። ሐኪሙም አሁን መንዳት ትችላለህ ብሎኛል። ግን ቀጥ ብዬ ስሄድ መሪው ወደ ግራ ዞሮ ነው የሚቆመው። ወደ ግራም ይጎትተኛል። ፍጥነት ስቀንስ ከ70 ወደ 60 አካባቢ መሪው ይንቀጠቀጣል። የፊት ፍሬኑን ስጨብጠው እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ጋራዡ ምንም የለበትም፣ ፍርሃት ነው አለኝ። እውነትም ኩርባ ሳይ እጄ ይደርቃል። ባለቤቴ ሽጠው ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት እንኳን ተረፍክ።

ፍርሃት መሪ አያጣምምም። ፍሬንም አያላላም። ከዘረዘርክልኝ ውስጥ የደረቀው እጅህ ብቻ ነው የአንተ። የቀረው የሞተሩ ነው። ይህን በሙሉ ልብ የምነግርህ እኔም ስላለፍኩበት ነው። በ2006 ዓ.ም. ጣርማ በር አካባቢ ጭጋግ ውስጥ፣ የፈሰሰ ናፍጣ ላይ ወደቅሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ከ80 በላይ መንዳት አቃተኝ። ልቤ ነው የተሰበረው ብዬ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። አንድ ቀን ጎሚስታ ጋ ስሄድ የፊት ቸርኬው ሲሽከረከር ሲዘል አየሁት። ቸርኬው ሲቀየር የፍርሃቴ ግማሽ በዚያው ቀን ሄደ። ግማሹ ቀረ። እሱን በሌላ መንገድ ነው ያስወጣሁት።

ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩን ከጥርጣሬ አጽዳው። ሰውነትህ ሞተሩን አላምንም እያለህ እያለ ልምምድ ብታበዛ ዋጋ የለውም። ትክክል ነዋ፣ የማይታመን ነገር ላይ ነው የተቀመጥከው።

ከመሪው እንጀምር። የፊት ጎማውን ቀጥ አድርገህ ከኮርቻው ላይ ሆነህ ወደ ታች ተመልከት። ሁለቱን የፊት ሾኮች ከላይ ጨምቆ የሚይዝ ወፍራም ማቀፊያ አለ። መሪው ከዚህ ማቀፊያ ጋር ትይዩ ሆኖ ከጎማው ጋር ካልገጠመ፣ ሾኮቹ ማቀፊያው ውስጥ ተጠማዘዋል ማለት ነው። ማቀፊያው ከጎማው ጋር ገጥሞ መሪው ብቻ ከጠመመ ደግሞ የመሪው ቧንቧ ነው የታጠፈው። ይለወጣል፣ አለቀ። በጎን ወድቀው ወደ እኔ ከሚመጡት ሞተሮች ብዙዎቹ የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። ይህ ደግሞ ደስ የሚል ዜና ነው። ብረቱ አልታጠፈም፣ ከቦታው ነው የዞረው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ግን አንዲት ነገር ከተዘለለች አይሠራም። መጀመሪያ ሾኮቹ ከላይኛው ማቀፊያ ስንት ሚሊ ሜትር ወጥተው እንደሚታዩ ለካና በፕላስተር ምልክት አድርግበት። አለዚያ ስታላላቸው ይንሸራተታሉ። ከዚያ ፒኑን የሚጨምቀውን ብሎን፣ ጎማውን የያዘውን ፒን፣ የፊት ፓራፋንጎውን ብሎኖች፣ ከዚያም የታችኛውንና የላይኛውን ማቀፊያ ብሎኖች አላላ። ትንሽ ነው የምታላላው፣ አትፍታቸው። የምትዘለለው ነገር ፓራፋንጎው ነው። ሁለቱን ሾኮች አስሮ የሚይዘው እሱ ስለሆነ እሱ እንደጠበቀ ብትታገል መሪው ይቃናልህና ነገ ተመልሶ ይጠማል። ያሠራህበት ጋራዥ እዚህ ላይ ይመስለኛል የተሳሳተው።

አሁን ከፊት ቁም። ጎማውን በሁለት ጉልበትህ መሃል ያዝ። መሪውን ጠምሞ ከሚቆምበት በተቃራኒ፣ ማለትም በሞተሩ ቀኝ በኩል፣ ገፋ አድርገው። ሲገጥም የታችኛውን ማቀፊያ፣ ቀጥሎ የላይኛውን፣ ቀጥሎ ፒኑን አጥብቅ። ከዚያ የፊት ፍሬኑን ይዘህ ሞተሩን አራት አምስት ጊዜ ወደ ታች ጫን ጫን አድርገው። ሾኮቹ ራሳቸው ቦታቸውን ይይዛሉ። ፒኑን የሚጨምቀውን ብሎንና ፓራፋንጎውን መጨረሻ ላይ አጥብቅ። ቶርክ ሬንች፣ ማለትም ብሎንን በተወሰነለት ኃይል የሚያጠብቅ ቁልፍ፣ የግድ ነው፤ መጠኑ በሞተሩ መጽሐፍ ላይ አለ። በግምት የጠበቀ ማቀፊያ ወይ ሾኩን ይጨፈልቃል ወይ ይለቃል።

ካቃናህ በኋላ አንድ ትንሽ የመስታወት ቁራጭ ፈልግ። ጠርዙ ስለታም ከሆነ በጨርቅ ያዘው። በሁለቱ ሾኮች የሚያብረቀርቅ ክፍል ላይ፣ ከማቀፊያው በታች፣ አግድም አስደግፈው። አራቱም ማዕዘን ከነካ ሾኮቹ ትይዩ ናቸው። አንዱ ማዕዘን ላይ ከተንቋቋ ገና ተጠማዘዋል፣ ወይም አንዱ ታጥፏል። መታጠፉን የምትጠረጥር ከሆነ የሾኮቹን ዘንጎች አስወጥተህ ቶርኖ ቤት ውሰዳቸው። ቶርኖው ላይ ሲሽከረከሩ እውነቱ በደቂቃ ይታያል። በእሳት አሙቄ አቀናዋለሁ የሚልህ ሰው ካለ ዕቃህን ይዘህ ውጣ። የሞቀ ዘንግ ጥንካሬውን ያጣል፣ የሚሸከመው ደግሞ አንተን ነው።

መጎተቱ ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ በቀኝ ነው የምንነዳው። አስፋልታችን ውኃ እንዲወርድ ከመሃል ወደ ዳር ዘንበል ይላል። ስለዚህ ሞተር በጥቂቱ ወደ ቀኝ ቢያዘነብል መንገዱ ነው። ያንተ ግን ወደ ግራ፣ ወደ ሽቅቡ ነው የሚሄደው። እሱ የመንገድ ነገር አይደለም።

የግንበኛ ክር ግዛ። የኋላ ጎማውን ከኋላ በኩል አዙረህ ሁለቱን ጫፎች በግራና በቀኝ ወደ ፊት ሳብ፣ ከፊት ጎማው አሳልፈህ ሁለት ድንጋይ ላይ እሰራቸው። ክሩ የኋላ ጎማውን የፊት ጠርዝ ለስላሳ ብቻ ይንካ፣ አይጫነው። የፊት ጎማህ ስፋት 110 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኋላው 150። ልዩነቱ 40 ስለሆነ በፊት ጎማው በግራም በቀኝም ወደ 20 ሚሊ ሜትር ክፍተት ታያለህ። ጎማ ከጎማ ጥቂት ይለያያል። ዋናው የሁለቱ ጎን እኩልነት ነው። አንዱ 12 ሌላው 28 ከሆነ ጎማዎቹ አንድ መስመር ላይ አይደሉም።

እንዲህ ካገኘህ ወዲያው ቻሲሱን አትጠርጥር። መጀመሪያ የኋላውን ጎማ ፈትሽ። ካቴናው ሲጠብቅ በግራና በቀኝ እኩል ካልተሳበ ጎማው ይጠማል። የማስተካከያው ምልክት ላይ አትተማመን። የኋላውን ጎማ የያዘው ሹካ ከቻሲሱ ጋር ከሚታጠፍበት ብሎን መሃል እስከ ጎማው ፒን መሃል በሁለቱም ጎን በሜትር ለካ። እኩል ይሁን። እግረ መንገድህን የካቴናው ላላታ በጎን መቆሚያው ላይ ቆሞ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መሆኑን እይ። ይህ ሁሉ ልክ ሆኖ ክሩ አሁንም ካልተስማማ ያኔ ቻሲሱን እንመለከታለን። መሪው ከቻሲሱ ጋር የሚገናኝበት አንገት ላይ፣ ብየዳው አካባቢ፣ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ብረቱ ተንቀሳቅሷል። እንዲህ ያለውን ሞተር እኔ መንገድ ላይ አላወጣም። ለዕቃ ይሸጣል።

መንቀጥቀጡ ብዙ ጊዜ ከመሪው አንገት ኩሽኔታ ነው። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሳና መሪውን በአንድ ጣት ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለህ አዙረው። መሃል ላይ ሲደርስ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው በምቱ ተጎድቷል። ማጥበቅ አያድነውም፣ ይቀየር። ያንተ ሞተር ዘይት ፊልትሮውና የጭስ ቱቦው ከኢንጂኑ ፊት ለፊት ስለሆኑ ክሪኩን እነሱ ላይ እንዳታሳርፍ። ጎማው እንደተነሳ አሽከርክረውና ቸርኬውንም እይ። ወደ ጎንም ወደ ላይም ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ መዝለል የለበትም። የጎማው ንፋስ በፒ.ኤስ.አይ. ከፊት 33፣ ከኋላ ለብቻህ 36፣ ሰው ስትጭን 41 ነው፤ ሳትነዳው፣ ቀዝቃዛ እያለ የሚለካ። የኋላ ሳጥንህን ከባድ ዕቃ ከሞላኸውም መንቀጥቀጡ ይብሳል። ደግሞ አደራ፣ እጅህን ከመሪው ለቀህ እንዳትሞክረው።

ፍሬኑ ላይ ላጥብቅብህ። ሞተሩ በጎኑ ሲተኛ የፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር ሳይገባ አይቀርም። አየሩን የሚያውቅ ሰው ያስወጣልህ፣ ዘይቱም በሙሉ ይቀየር። ዶት 4 ተጠቀም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። የጨንጫው ቁልቁለት በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወርደው። እርጥበት የጠጣ ዘይት እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ሲግል ይፈላል፣ ፍሬኑም እጅህ ላይ ባዶ ይሆናል። ስትወርድ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ያዝ። ኢንጂኑ ራሱ ይያዝህ። ፍሬኑን ጫን አድርገህ ልቀቅ እንጂ እየነካህ አትውረድ። ዲስኩም ታጥፎ እንደሆነ ይለካልህ፣ ከ0.3 ሚሊ ሜትር በላይ ከጠመመ ይለወጥ።

በሰባቱ ወር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ከነበረ ቤንዚኑን ቀይር፣ ባትሪውን ቻርጅ አድርግ። ባትሪው አንድ ሌሊት አርፎ 12.4 ቮልት ካልያዘ አትመነው።

የራስ ቁርህን ነገር አልጻፍክልኝም። ወድቆ የመታ ከሆነ ውጭው ባይሰነጠቅም ጣለው። ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ተጨፍልቆ ጭንቅላትህን አድኗል። ሁለተኛ አይጨፈለቅም። ገንዘቡ ለጎማ ወይም ለቁር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ቁሩን ግዛና ሞተሩ ይቆይ።

አሁን ወደ እጅህ እንምጣ።

እጅ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን ልንገርህ። ሞተር ወደ ግራ የሚታጠፈው የግራውን እጀታ ወደ ፊት ገፋ ስታደርገው ነው። ሁለቱም ክንድህ እንደ ብረት ከቆመ የግራው ሲገፋ የቀኙ ይመልሰዋል። ሞተሩ አይተኛም፣ ኩርባው ይሰፋል፣ ዳር ያለው ጠጠር ይቀርባል። ያኔ ዓይንህ ጠጠሩ ላይ ይቀራል፣ ዓይንህ ወዳለበት ደግሞ ሞተሩ ይሄዳል። የወደቅኸው ቀንም እንዲህ ሆኖ ይሆናል። መፍትሔው ከጉልበት ነው የሚጀምረው። ሰልባትዮውን በሁለት ጉልበትህ ጨምቅ። ሰውነትህን ጉልበትህ ሲይዝልህ ክንድህ ይለቃል። ክርንህ እንደ ዶሮ ክንፍ ወረድ ወጣ ማለት ይችል እንደሆነ እየነዳህ ፈትሸው። ፍጥነትህን ኩርባው ሳይጀምር ጨርስ። አንገትህን አዙረህ መውጫውን ተመልከት።

ይህን ጨንጫ ላይ አትጀምረው። እሑድ ማለዳ ሐዋሳ ውስጥ ሰው የሌለበት ሰፊ አስፋልት ፈልግ። መጀመሪያ ፍሬን ብቻ፦ 30 ላይ፣ ከዚያ 40፣ ከዚያ 50። ሃያ ጊዜ። ከዚያ ክብ፣ በግራም በቀኝም። የወደቅኸው በግራ ስለሆነ ግራው ይከብድሃል። ግራውን እጥፍ አድርገው። ትከሻህ ካመመህ አቁም። ሐኪም ቢፈቅድልህም በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ብዙ ክብደት እዚያ ትከሻ ላይ ያርፋል። ግድግዳ ላይ ተደግፈህ ፑሽ አፕ ሠርተህ ካልቻልክ ጊዜው ገና ነው።

ቀጥሎ ሻሸመኔ ደርሰህ ተመለስ። ሜዳ ነው፣ ግን ጋሪና ባጃጅ ስላለ ዓይንህን ይመልሰዋል። ሦስት አራት ጊዜ ከሄድክ በኋላ በይርጋለም አድርገህ ወደ ዲላ ውጣ። ኩርባውን እዚያ ትለምደዋለህ። ዝናብ ባለበት ቀን፣ ማታ፣ ከሚሽቀዳደም ጓደኛ ጋር አትሂድ። ጨንጫን መጨረሻ አድርገው። መጀመሪያም ሽቅብ ውጣው እንጂ ቁልቁል አትጀምረው። የወደቅህበት ኩርባ ላይ ስትደርስ ሞተሩን ዳር አቁመህ ውረድና በእግርህ ተመላለስበት። እኔ ጣርማ በር ላይ እንዲህ አድርጌያለሁ። ቦታው በእግር ሲታይ ያነሰ ነው።

ለባለቤትህ አክብሮቴን አድርስልኝ። ጭንቀቷ ተገቢ ነው። መሸጥ አለመሸጡን አሁን አትወስኑ። በተጠማዘዘ ሞተር ላይ ሆኖ የሚወሰን ነገር አይደለም፣ ደግሞም እንዲህ እንዳለ ለሌላ ሰው መሸጥ አይገባም። ፍሬኑን ሲሠሩልህና ክሩን ስትስብ እሷም ትኑር፣ ትይ። ዲላ ደርሰህ ከተመለስክ በኋላ ተነጋገሩ።

በዚህ ሳምንት ክሩን ሳብና የግራውንና የቀኙን ክፍተት በሚሊ ሜትር ላክልኝ። መስታወቱ ሾኮቹ ላይ ተደግፎ ከጎን የተነሣ ፎቶም ጨምርበት። እስከዚያ ሞተሩ ከግቢ አይውጣ።